ለአራት ሳይክል የትኛው የግድግዳ መስቀያ ይሻላል?

ቤታችን አራት ሳይክል አለ። የእኔ ማውንቴን፣ የባለቤቴ የከተማ ሳይክል፣ የልጃችን 24 ኢንች እና የትንሹ 20 ኢንች። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ደረጃ ሥር ብናቆማቸው ጎረቤት መተላለፊያ ያጣል። ግቢ ብናሳድራቸው ደግሞ እንቅልፍ አይወስደንም። ስለዚህ ሁሉም ቤት ይገባሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሎን ውስጥ ተደጋግፈው ቆሙ፤ አንዱን ለማውጣት ሦስቱን ማንሳት ነው፣ የአንዱ ፔዳል የሌላው ጎማ ሽቦ ውስጥ ይሰካል፣ ፍሬን ይጣመማል፣ በመጨረሻ ልጆቹ "ተዉት በቃ፣ በእግራችን እንሂድ" ማለት ጀመሩ። እኔን ያሳዘነኝ ይሄኛው ነው። ሳይክል ማውጣት ከከበደ አይነዳም።

እናም ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የመጀመሪያውን መስቀያ የገዛሁት በመልኩ ነው። ከግድግዳው ወጣ ያሉ ሁለት ክንዶች ያሉት፣ ሳይክሉን አግድም የሚይዝ፣ ፎቶ ላይ በጣም የሚያምር። ብሎኬቱን በስቼ በፕላስቲክ ፊሸር አሰርኩት፣ የእኔን ሰቀልኩበት፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ላይ ወደቀ። የምጣድ አክንባሎ የሚያህል ልስን ይዞ ነው የወረደው። ከሥሩ የነበረው ልጄ ቀን ቀን የምታጠናበት ወንበር ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በቁም ነገር ያዝኩት። የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ሁላችንም ስንመርጥ የምንጀምረው ከመስቀያው ነው፤ መጀመር ያለብን ግን ከግድግዳው ነው። ቀጥሎ ሳይክሉን በየቀኑ የሚያነሳው ማነው የሚለው ይመጣል። መስቀያው ሦስተኛ ነው።

ግድግዳችሁ ምንድነው?

የከተማችን አብዛኛው ቤት ግድግዳው ብሎኬት ነው። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20፤ ነገር ግን ቪቴውን የሚይዘው ከፊት ያለው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስትበሱ ፑንታው፣ የድሪሉ መብሻ፣ መጀመሪያ ይታገላል፣ ከዚያ ድንገት ወደ ውስጥ ሸርተት ይላል። ሸርተት ካለ ክፍት ቦታ ውስጥ ገብታችኋል ማለት ነው። የፕላስቲክ ፊሸር እዚያ ውስጥ የሚለጠጥበት ነገር የለውም። ፊሸር የሚለው ስም ራሱ አርቱር ፊሸር ከሚባል ጀርመናዊ የመጣ ነው፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው ያ ፕላስቲክ የሚሠራው ዙሪያውን ገፍቶ ስለሚይዝ ነው። የሚገፋው ከሌለ አይይዝም። ለሥዕልና ለመጋረጃ ይበቃል፣ ለሳይክል ግን አይበቃም።

የቤቱ ጠንካራ አካል ኮለኑና ቢሙ ነው። አርማታ ናቸው። ሳሎን ጥግ ላይ ወይም ግድግዳው መሃል ትንሽ ወጣ ብሎ የሚታየው ቋሚ ኮለን ነው፤ ቢም ደግሞ ከኮለን ኮለን የሚያገናኘው አግዳሚ። ኮለኑ ላይ የሚጠበቅ የብረት ብሎን፣ ያ ሲጠብቅ ውስጥ የሚሰፋው፣ ከገባ ሳይክል ምንም አይለውም። የሚመታ ድሪል ያስፈልጋል። ስትበሱ ብረት ከነካችሁ አቁሙ፤ ፌሮ ነው፣ ሁለት ሦስት ሳንቲ ፈቀቅ ብላችሁ ሌላ ቦታ ብሱ።

አንዳንድ ኮንዶሚኒየም ደግሞ የክፍል መለያ ግድግዳው አግሮስቶን የሚባለው ቀለል ያለ ሰሌዳ ነው። በጣት ሲንኳኳ ድምፁ ባዶ ነው። ጂብሰምም እንደዚያው። እነዚህ ላይ ሳይክል አትስቀሉ፤ መስቀል ካለባችሁ ክብደቱን ወለል የሚሸከምበት መንገድ አለ፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር የሚኖረው የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ መላው ቀላል ነው። ጭቃው አይይዝም፣ ውስጡ ያለው የባሕር ዛፍ ቋሚ ግን ጥርት አድርጎ ይይዛል። ከቋሚ እስከ ቋሚ ወፍራም ጣውላ በረጅም ቪቴ አሠረበት፣ መንጠቆዎቹን ጣውላው ላይ። ሦስት ሳይክል ተሰቅሎበት ዓመታት አልፈዋል። አሜሪካ አፓርታማ ለተከራያችሁም ሐሳቡ ያው ነው፤ ጂብሰሙ ራሱ አይይዝም፣ ከኋላው ብዙ ጊዜ በ16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሳንቲ ገደማ ርቀት የቆመው እንጨት ነው የሚይዘው። ብቻ ከመብሳታችሁ በፊት የኪራይ ውላችሁን አንብቡ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ኮሪደሩና ደረጃው አጠገብ ያለው ግድግዳ የእናንተ አይደለም። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያ ነው። እዚያ መስቀል ከፈለጋችሁ የሕንፃውን ባለቤቶች ማኅበር አስፈቅዱ።

አግድም ወይስ ሽቅብ?

መሠረታዊው ምርጫ እዚህ ላይ ነው። ሳይክሉ እንደቆመ አግድም ይሰቀል ወይስ የፊት ጎማው ወደ ላይ ሆኖ ሽቅብ?

ብዙ ሰው አግድሙ ለግድግዳ የሚቀል ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሒሳቡን ስትሠሩት ግን ተቃራኒው ነው። 14 ኪሎ የሚመዝን ማውንቴን ክንድ ላይ ሲቀመጥ የክብደቱ መሃል ከግድግዳው 35 ሳንቲ ያህል ወጥቶ ነው። የመስቀያው የላይና የታች ቪቴ በ15 ሳንቲ ተራርቀዋል እንበል። 14ን በ35 አባዙና ለ15 አካፍሉ፤ 33 ኪሎ ገደማ ይመጣል። የላይኛውን ቪቴ ቀንና ሌሊት ወደ ውጭ የሚጎትተው ይሄ ነው። የእኔን ልስን የነቀለው ያ ነው። ሳይክሉን ስታስቀምጡ ትንሽ ብትጥሉት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ሽቅብ ሲሰቀል የፊት ቸርኬው መንጠቆ ላይ ነው፣ የኋላው ጎማ ግድግዳውን ተደግፏል። በሁለቱ መካከል ከ130 ሳንቲ በላይ ርቀት አለ። የክብደቱ መሃል ከግድግዳው 45 ሳንቲ ቢወጣ እንኳ መንጠቆውን ወደ ውጭ የሚጎትተው 5 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው። ቀሪው ክብደት ቁልቁል ነው፣ ቁልቁል ደግሞ ቪቴ ብዙ ይችላል። ያው ሳይክል፣ ያው ግድግዳ፣ ልዩነቱ ግን ስድስት ሰባት እጥፍ። እኔ ይሄን ካወቅሁ በኋላ ብሎኬት ቤት ላለው ሰው ሁሉ ሽቅቡን ነው የምመክረው።

ሽቅብ ግን ቦታ ወደ ፊት ይበላል። መሪውና ኮርቻው ከግድግዳው አንድ ሜትር፣ አንዳንዴ 110 ሳንቲ ድረስ ይወጣሉ። መተላለፊያችሁ 120 ሳንቲ ስፋት ካለው ሽቅብ ከሰቀላችሁ ቤታችሁን ዘጋችሁት ማለት ነው። እዚያ አግድሙ ያሸንፋል፤ ከነመሪው ከግድግዳው ከ70 እስከ 75 ሳንቲ ነው የሚወጣው። በምትኩ ለእያንዳንዱ ሳይክል ከ170 እስከ 180 ሳንቲ የግድግዳ ርዝመት ይፈልጋል። አራት ሳይክል አግድም ልስቀል ካላችሁ፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ ሦስት ሜትር ተኩል ባዶ ግድግዳ ያስፈልጋችኋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ያለው ማነው?

ሽቅብ ከሆነ ግን አራቱ በሁለት ሜትር ውስጥ ይገባሉ። ዘዴው አንዱን ከፍ፣ ቀጣዩን ዝቅ ማድረግ ነው። የማውንቴን መሪ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ይሰፋል። ሁሉም እኩል ቁመት ላይ ከተሰቀሉ መሪዎቹ ይጋጫሉ፣ ስለዚህ ሳይክሎቹ ወደ 75 ሳንቲ መራራቅ አለባቸው። ተራ በተራ በ25 ሳንቲ ካበላለጣችኋቸው ግን የአንዱ መሪ ከሌላው ሥር ያልፋል፣ ርቀቱም ወደ 40 ይወርዳል። ኮርሳ፣ የእሽቅድምድም ሳይክሉ፣ መሪው ከ40 እስከ 44 ሳንቲ ብቻ ስለሆነ ከዚያም ጠበብ ይላል።

አግድሙ ሌላም ችግር አለበት። ክንዱ የሚይዘው የላይኛውን ቧንቧ ነው። የእናቶች የምንለው ሳይክል፣ መሃሉ ዝቅ ያለው፣ ያ ቧንቧ የለውም። የብዙ ልጆች ሳይክልም የለውም። የባለቤቴን ለመስቀል ስንሞክር አፍንጫው ተደፋ።

ሽቅብ ሲሰቀል ሳይክሉ ይበላሻል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። አይበላሽም። ቸርኬው ጤነኛ ከሆነ የራሱን ሳይክል ይችላል። የዘይት ፍሬን ያለው ከሆነና ስታወርዱት ፍሬኑ ከለሰለሰባችሁ፣ ውስጡ አየር አለ ማለት ነው፤ ትንሽ አቁማችሁ ደጋግማችሁ ጨምቁት። ካልተስተካከለ አየሩን አስወጡለት። ከመሰቀሉ በፊትም የነበረ ችግር ነው። ፓራፋንጎ ያለው ሳይክል ግን ተጠንቀቁ፤ የኋላው ፓራፋንጎ ጫፍ ግድግዳው ላይ እየተገጨ ይሰበራል።

ሌሎቹ ዓይነቶች

የሚዞር መንጠቆ አለ። ሽቅብ ሰቅላችሁ እንደ በር ወደ ጎን ታጥፉታላችሁ፣ ከ110 ሳንቲ ወደ 50 ይወርዳል። ለጠባብ ሳሎን ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሲዞር ቪቴዎቹን እያጣመመ ስለሆነ ኮለን ወይም ወፍራም ጣውላ ይፈልጋል። ደግሞም አራት ሳይክል እንደ መጽሐፍ ገጽ ሲነባበር፣ ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያሉትን መግለጥ ይመጣል። ለሁለት ሳይክል ግሩም ነው። ለአራት ትዕግሥት ይጠይቃል።

በፔዳሉ የሚንጠለጠል ትንሽ መያዣም አለ። ሳይክሉ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቀመጣል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ሁለቱም ጎማዎች ግን ግድግዳው ላይ አሻራ ይተዋሉ፣ ርዝመቱም እንደ አግድሙ ነው። ለአንዲት ኮርሳ ይሁን።

ከጣሪያ በገመድ የሚሳበው ለእኛ ቤት አይሆንም። ልጅ ገመዱን ሲለቅ ሳይክሉ ከላይ ይመጣል። አልፈዋለሁ።

በባትሪ የሚሠራ ሳይክል ካላችሁ ደግሞ ከ20 እስከ 27 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ወለል ላይ ይቁም። የግድ ከሆነ ባትሪውን ነቅላችሁ ዝቅተኛው መንጠቆ ላይ ስቀሉት።

እኔ የመረጥኩት፦ ወለል ላይ የሚቆም ፍሬም

ግድግዳ ላይ አራት መንጠቆ ለየብቻ ማሰር እችል ነበር። ኮለኑ ግን አንድ ነው፣ ስፋቱም አራት ሳይክል አይደርስም። ቀሪው ብሎኬት ነው። ስለዚህ ከሰፈራችን በያጅ ጋር ተማክረን ግድግዳውን ተደግፎ ወለል ላይ የሚቆም መሰላል የመሰለ ፍሬም ሠራን። ሁለት ቋሚ፣ ሦስት አግዳሚ። ክብደቱን ሁሉ ወለል ይሸከማል። ግድግዳው የሚጠበቅበት ፍሬሙ ወደ ፊት እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ነው፣ ለአራቱም ሳይክል ተደምሮ ከ20 ኪሎ በታች ነው የሚጎትተው፣ እሱም ለስድስት ብሎን ይከፋፈላል። ሁለቱን ብሎን ኮለኑ ላይ፣ አራቱን ብሎኬቱን ዘልቀው በወዲያኛው ክፍል በሰፊ የብረት ሳህን፣ በሮንዴላና በዳዶ አሰርናቸው። በወዲያ በኩል ቁም ሳጥን ስላለ አይታይም። አግሮስቶንና ጂብሰም ግድግዳ ላላችሁም መላው ይሄው ነው፤ ላይኛውን ጫፍ ብቻ ቢም ወይም ኮለን ላይ እሰሩት።

ልኩን ለሚፈልግ፦ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት። ቋሚዎቹ ሁለት ሁለት ሜትር፣ አግዳሚዎቹ 180 ሳንቲ። ቱቦላሬ በ6 ሜትር ዘንግ ስለሚሸጥ ሁለት ዘንግ ይበቃል፤ ከአንዱ ሁለቱ ቋሚዎችና አንድ አግዳሚ ይወጣል፣ ከሌላው የቀሩት ሁለቱ፣ የተረፈው ደግሞ ለእግርና ለመንጠቆ መቀመጫ። መንጠቆው 10 ሚሊ ድፍን ብረት፣ የተቆለመመ፣ ላዩ ላይ አሮጌ ከመነዳሪ የተጠቀለለበት ቸርኬውን እንዳይፍቅ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ዝግጁ የተቆለመመ ብረት የማይገኝ አይመስለኝም፣ ባይገኝም በያጁ በአሥር ደቂቃ ይሠራዋል። ፀረ ዝገት ቀለም ቀብተውት ሲያስረክቧችሁ ጠርዙን በእጃችሁ ዳስሱ። ሹል ነገር ካለ እዚያው ይሞረድ።

አንድ ስሕተት ልንሠራ ነበር። ሁለት ሜትር በ180 ሳንቲ የሆነ ፍሬም ሙሉ በሙሉ ከተበየደ በኮንዶሚኒየም ደረጃ አይዞርም። በያጁ ራሱ ነው ያስታወሰን። ስለዚህ አግዳሚዎቹ በብሎን የሚፈቱ ሆኑ። እግዜር ይስጠው።

ማን ያነሳዋል?

ይሄን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቤተሰብ ውስጥ አራት ሳይክል ካለ አራት ዓይነት ጉልበት አለ። መስቀያው የሚለካው በአባትየው ክንድ ከሆነ፣ አባትየው ሥራ ሲሄድ ሳይክሎቹ እንደተሰቀሉ ይቀራሉ።

ሽቅብ መስቀል ጉልበት ሳይሆን ብልሃት ነው፣ ቁመቱ በትክክል ከተለካ። ሳይክሉን በኋላ ጎማው አቁሙት፣ ወደ ግድግዳው ግፉት፣ የፊት ቸርኬው ውስጠኛ ጠርዝ የሚደርስበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ 5 ሳንቲ ብቻ ጨምሩ። መንጠቆው እዚያ ይሁን። ያን ጊዜ ሰውየው የሚያነሳው 5 ሳንቲ ብቻ ነው። ለትልቅ ሰው ማውንቴን ብዙ ጊዜ 170 ሳንቲ አካባቢ ላይ ይወድቃል። የባለቤቴ እዚያ ነው፣ እሷ በየቀኑ ስለምትነዳው። የእኔ 195 ላይ ነው፤ እኔ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው የማወጣው፣ ጉልበቱም አለኝ። የልጆቹ መንጠቆዎች 150 ላይ ናቸው። ትልቋ የራሷን ትሰቅላለች። የትንሹን እኛ እንሰቅላለን፤ ብቻውን እንዳይሞክር ነግረነዋል። ልጃችሁ ከዚያም የሚያንስ ከሆነ አትስቀሉት፣ ሳይክሉ ከፍሬሙ ጎን ወለል ላይ ይቁም። እንደልቡ የሚያወጣው ነገር ይኑረው።

አሁን መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለሳይክል የሚለቀቅበት፣ መንገድ ለሰው የሚባለው ቀን አለ፣ የኮሪደር ልማቱም የሳይክል መንገድ ይዞ መጥቷል። ልጆች የሚነዱበት ቦታ ከበፊቱ ይሻላል። ቤት ውስጥ ያለው ነገር እንቅፋት እንዲሆን አልፈልግም።

ከመብሳታችሁ በፊት

ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት ካለበት ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች አትብሱ፤ የመብራት መስመሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚያልፈው። ከመታጠቢያ ቤትና ከማድቤት ጋር የሚዋሰን ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቱቦ ሊኖር ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ቆጣሪውን አጥፉ፣ የውሃውንም ቁልፍ ዝጉ። በውሃ ልክ ለኩ። በረንዳ ላይ መስቀል ከፈለጋችሁ ፀሐይ ጎማ ያደርቃል፣ የክረምት ዝናብ ደግሞ ካቴናውን በሳምንት ያዝገዋል፤ መጋረጃ ወይም ሸራ ይኑረው።

የኋላው ጎማ የሚያርፍበትን ግድግዳ የዘይት ቀለም ቀቡት። በክረምት ጭቃ ይዞ ሲገባ በጨርቅ ይጸዳል። እኛ ከሥሩ የተረፈ ሴራሚክ ደርድረን ነው ያስቀመጥነው፤ ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጠዋት ይወለወላል።

ከተሠራ በኋላ ባዶውን ፍሬም በሁለት እጅ ይዛችሁ ጎትቱት። ቀጥሎ አንድ ሳይክል ብቻ ሰቅላችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። ከወር በኋላ ዳዶዎቹን ደግማችሁ አጥብቁ፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መላላታቸው አይቀርም። ልስኑ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ ሁሉንም አውርዱና ብሎኑን ቦታ ቀይሩ።

የእኛ ፍሬም ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ዘንድሮ ልጃችን ወደ 26 ኢንች ተሻገረች፣ መንጠቆዋንም ከ150ው አግዳሚ ፈትተን 170ው ላይ አሠርነው። ሁለት ዳዶ ነው፣ ራሷ ናት ያጠበቀችው።